በኦፕን ቲቲዲ ጭነትን በአቅርቦት መስመሮች መካከል የማከፋፈል መመሪያ

ኦፕን ቲቲዲ በነጻ የሚገኝ የትራንስፖርት ማስመሰያ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሀዲድ ይዘረጋል፣ ጣቢያ ይሠራል፣ ባቡርና የጭነት መኪና ገዝቶ ጥሬ ዕቃን ወደ ማቀነባበሪያ፣ ምርትን ወደ ከተማ ያጓጉዛል። አንድን ማውጫ ከአንድ መድረሻ ጋር የሚያገናኝ መስመር ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ከአንድ ምንጭ ሁለት መስመር ሲወጣ ወይም የብዙ ምንጮች ጭነት በአንድ ጣቢያ ሲገናኝ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ ጭነት ሲትረፈረፍበት ሌላው ባዶውን ይከርማል፣ ባቡሮችም የሚጫን አጥተው ይሰለፋሉ።

በጨዋታው መደበኛ አሠራር ጭነት አስቀድሞ የተወሰነ መድረሻ የለውም። ጣቢያ ላይ የተከማቸ ብረት ለምሥራቁ ፋብሪካ ወይም ለምዕራቡ ተብሎ አልተመደበም፤ ቀድሞ የደረሰ ባቡር ይጭነዋል። ድርሻን የሚወስነው እንግዲህ የሚጭነው ተሽከርካሪ ነው፦ ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ስንት ቶን ይይዛል፣ ምን ታዟል። የሚከተሉት ዘጠኝ ደረጃዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች በቅደም ተከተል ያስተካክላሉ። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ጨዋታው «ቴምፐሬት» ከሚለው የአየር ንብረት ነው፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያሉት ቃላት ደግሞ ቁልፎቹና ቅንብሮቹ በጨዋታው መስኮቶች ላይ የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው።

ከመጀመር በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሦስት መስኮቶችን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። የኢንዱስትሪው መስኮት ያለፈውን ወር ምርትና ከእሱ የተጓጓዘውን በመቶኛ ያሳያል። የጣቢያው መስኮት የተከማቸውን ጭነትና ለእያንዳንዱ የጭነት ዓይነት የተሰጠውን የአገልግሎት ደረጃ ያሳያል። የተሽከርካሪው የትእዛዝ መስኮት ደግሞ ባቡሩ የት እንደሚሄድና እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚሠራ ይዘረዝራል። ከእነዚህ ጋር ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም ለውጥ ከመጀመሩ በፊት በሌላ ስም የተቀመጠ የጨዋታው ቅጂ ቢኖር ይመረጣል። የተበላሸ ስርጭት ለመስተካከል ወራት ስለሚፈጅ ወደ ኋላ መመለስ መቻል ብዙ ድካም ይቀንሳል።

1. ሰንሰለቱን በወረቀት ላይ ማውጣት

የመጀመሪያው ሥራ ጭነቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ መጻፍ ነው። የድንጋይ ከሰል ከማውጫው ወደ ኃይል ማመንጫ ሄዶ እዚያው ያበቃል። የብረት ማዕድን ግን ረጅም ሰንሰለት አለው፦ ከማውጫው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፣ ማቅለጫው ከ1 ቶን ማዕድን 1 ቶን ብረት ያወጣል፣ ብረቱ ፋብሪካ ገብቶ ሸቀጥ ይሆናል፣ ሸቀጡም ወደ ከተማ ይጓጓዛል። ፋብሪካው ከእርሻ የሚመጣ እህልና የቁም ከብትም ይቀበላል።

ይህ መጻፍ ያለበት ብክነት በየደረጃው ስለሚባዛ ነው። 200 ቶን ማዕድን በወር የሚያወጣ ማውጫ አለ እንበል። የማውጫው ጣቢያ ደረጃ 70 በመቶ ከሆነ 140 ቶን ብቻ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ማቅለጫው 140 ቶን ብረት ያወጣል፤ የማቅለጫው ጣቢያም 70 በመቶ ከሆነ ለፋብሪካዎቹ የሚከፋፈለው 98 ቶን ነው። ሁለቱም ጣቢያዎች 80 በመቶ ቢደርሱ ግን ይኸው ማውጫ 128 ቶን ብረት ያስገኛል። አዲስ ማውጫ ሳይፈለግ 30 ቶን ተጨመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ጀማሪዎች ፋብሪካው እህል፣ ከብትና ብረት አንድ ላይ ካልደረሱት የማያመርት ይመስላቸዋል። በዚህ የአየር ንብረት ሦስቱ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ቢመጣም ሸቀጥ ይመረታል። ስለዚህ ሦስቱን ለማመጣጠን ሲባል አንዱን መስመር ማዘግየት ምንም ጥቅም የለውም።

2. ጣቢያውን በትክክለኛው ቦታ መትከል

ጣቢያ ጭነት የሚሰበስበው በአገልግሎት ክልሉ ውስጥ ካለ ኢንዱስትሪ ብቻ ነው። የባቡር ጣቢያ ክልል በየአቅጣጫው 4 ካሬ ነው፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ 3፣ የመርከብ ማረፊያ 5። ጣቢያው በሚሠራበት ጊዜ ክልሉን የሚያሳየውን አማራጭ ማብራት ግምትን ያስቀራል።

አንድ ጣቢያ ሁለት ማውጫዎችን በአንድ ላይ ቢሸፍን የሁለቱም ጭነት አንድ ክምር ይሆናል፤ ይህ ለብዛት ጥሩ ነው። የሁለቱ ማውጫዎች ጭነት ወደተለያየ መድረሻ እንዲሄድ ከተፈለገ ግን ጣቢያዎቹን መለየት ግድ ነው። አንድ ጊዜ የተቀላቀለን ማዕድን ከየትኛው ማውጫ እንደመጣ ለይቶ የሚጭን ትእዛዝ የለም።

መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር ጭነት በጣቢያው መታየት የሚጀምረው ያን ዓይነት ጭነት ሊጭን የሚችል ተሽከርካሪ አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ መሆኑ ነው። ጣቢያው ተሠርቶ ባዶ ቢሆን ጉድለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ባቡር እየጠበቀ ነው።

3. የአገልግሎት ደረጃውን ማሳደግ

ከምርቱ ስንት በመቶው ወደ ጣቢያው እንደሚመጣ የሚወስነው የአገልግሎት ደረጃው ነው። ደረጃው ከአምስት ነገሮች ይደመራል።

- ከመጨረሻው ጭነት ወዲህ ያለፈው ጊዜ። ከ7.5 ቀን ካልበለጠ 51 በመቶ፣ እስከ 15 ቀን 37፣ እስከ 30 ቀን 20፣ እስከ 52.5 ቀን 10፤ ከዚያ በላይ ምንም። ለመርከብ ጊዜው ሰፋ ይላል።
- የተከማቸው ብዛት። እስከ 60 ድረስ 16 በመቶ ይጨምራል፣ እስከ 100 ድረስ 12፣ እስከ 300 ድረስ 4። ከ600 ሲያልፍ 14 በመቶ ይቀንሳል፣ ከ1500 ሲያልፍ 35 ይቀንሳል።
- የመጨረሻው ተሽከርካሪ ፍጥነት። በሰዓት እስከ 85 ኪሎ ሜትር ምንም አይጨምርም፤ 255 ሲደርስ 17 በመቶ ይሞላል።
- የተሽከርካሪው ዕድሜ። አዲስ ከሆነ እስከ 13 በመቶ ይጨምራል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይህ ይጠፋል።
- በከተማው ውስጥ የኩባንያው ሐውልት መኖሩ። 10 በመቶ ይጨምራል።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው ትልቁ ድርሻ የመጀመሪያው ነው። ሁልጊዜ አንድ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ የሚጭን ከሆነ 51 በመቶው ተረጋገጠ፤ የተከማቸውም ስለማይበዛ 16ቱ ይጨመራል። ዘገምተኛና አሮጌ ባቡር እንኳ በዚህ ዘዴ 67 በመቶ ይደርሳል። በጣም ፈጣን ባቡር ገዝቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ማሰማራት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

60 በመቶ መታሰብ ያለበት ድንበር ነው። ከምርቱ ከ60 በመቶ በላይ የሚጓጓዝለት ማውጫ ምርቱ የመጨመር ዕድሉ ከፍ ይላል። ደረጃው ከግማሽ በታች ሲወርድ ደግሞ በጣቢያው የተከማቸው ጭነት ራሱ መጥፋት ይጀምራል። ብዙ ጭነት ተከማችቶ ማየት የሀብት ምልክት አይደለም፤ የሚያነሣው እንዳጣ የሚናገር ነው።

4. የሚያስፈልጉትን ባቡሮች ማስላት

የባቡር ቁጥር በግምት ሲወሰን ወይ ጭነት ይከማቻል ወይ ባቡር ይሰለፋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ወርሃዊው ጭነት በሙሉ ዙር ቀናት ይባዛል፣ የተገኘው ለ30 እና ለአንድ ባቡር አቅም ብዜት ይካፈላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የከሰል ማውጫ በወር 180 ቶን ያመርታል፣ ደረጃው 70 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 126 ቶን ይመጣል። የጨዋታው መደበኛ የከሰል ፉርጎ 20 ቶን ይይዛል። በ5 ካሬ መቆሚያ ላይ አንድ ሎኮሞቲቭና 9 ፉርጎ ስለሚገባ የባቡሩ አቅም 180 ቶን ነው። ሙሉው ዙር 60 ቀን ቢፈጅ፦ 126 ሲባዛ 60፣ 7560 ይሆናል፤ 30 ሲባዛ 180፣ 5400 ነው፤ ሲካፈል 1.4 ይወጣል። ሁለት ባቡር ይበቃል ማለት ነው። ሁለተኛው ባቡር ሲገባ ደረጃው ወደ 80 ቢወጣ ጭነቱ 144 ቶን፣ ውጤቱ 1.6 ይሆናል፤ አሁንም ሁለት ነው።

የዙሩን ቀን ለማወቅ ባቡሩ ሞልቶ የወጣበትንና ተመልሶ የደረሰበትን ቀን መመዝገብ ይበቃል። በካርታ ላይ ርቀት እየለኩ መገመት ግን ያሳስታል፤ ዳገት፣ የሲግናል ላይ ጥበቃና ብልሽት ዙሩን ያረዝማሉ።

5. የመጫኛና የማራገፊያ ትእዛዝን መምረጥ

ትእዛዝ ሳይለወጥ ከተተወ ባቡሩ ያገኘውን ጭኖ ወዲያው ይሄዳል፤ መድረሻው ጭነቱን የሚቀበል ከሆነም ያራግፋል። ለጭነት መስመር የመጀመሪያው ክፍል መለወጥ አለበት። «ፉል ሎድ ኦል» ሁሉም ፉርጎዎች እስኪሞሉ ያቆማል፤ «ፉል ሎድ ኤኒ» ደግሞ ከጭነቱ ዓይነቶች አንዱ ሲሞላ ይለቃል።

ልዩነቱ የሚታየው በእርሻ ላይ ነው። እህልና ከብት በአንድ ባቡር የሚጭን ተጫዋች «ኦል» ብሎ ካዘዘ፣ የእህሉ ፉርጎዎች ሞልተው ሳለ ባቡሩ የጎደሉ ጥቂት ከብቶችን ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ከኋላው ያለው ባቡርም ይታገዳል። ለእንዲህ ያለ ቅይጥ ባቡር ተገቢው «ኤኒ» ነው።

በሙሉ ጭነት ትእዛዝ ውስጥ የተደበቀ ዋጋ አለ። ጭነት ጣቢያ ላይ ሲከማች አያረጅም፤ ዕድሜው የሚቆጠረው ተሽከርካሪ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ባቡሩ እስኪሞላ ሲጠብቅ ቀድሞ የተጫነው ጭነት እያረጀ ነው። ከሰል 17.5 ቀን፣ የብረት ማዕድን 22.5 ቀን፣ እንጨት 37.5 ቀን፣ ድፍድፍ ነዳጅ 62.5 ቀን ዋጋውን ሳይቀንስ ይቆያል። እህልና የቁም ከብት ግን በ10 ቀን፣ ሸቀጥ በ12.5 ቀን ዋጋቸው መውረድ ይጀምራል። ምርቱ ዝቅተኛ ከሆነ እርሻ ላይ ረጅም ባቡር እስኪሞላ ማቆም ከብቱን ባቡር ላይ ማስረጀት ነው፤ ለዚህ አጭር ባቡር ቶሎ ቶሎ ቢመላለስ ይሻላል።

ሌላው ስሕተት የሚጭንና የሚያራግፍ ባቡርን በአንድ መቆሚያ ማገናኘት ነው። ሞልቶ እስኪወጣ የሚጠብቅ የብረት ባቡር ማዕድን ይዞ የመጣውን ባቡር ከዘጋበት፣ ማቅለጫው ማዕድን አያገኝም፤ ማዕድን ካላገኘ ብረት አያወጣም፤ የቆመውም ባቡር አይሞላም። መስመሩ ራሱን በራሱ አሰረ ማለት ነው። የመጫኛውና የማራገፊያው መቆሚያ ከመጀመሪያው መለየት አለባቸው።

6. የአንዱን ምንጭ ጭነት ለሁለት መድረሻ መክፈል

ብዙውን ጥያቄ የሚያስነሣው ይህ ደረጃ ነው። ከማቅለጫ የሚወጣው ብረት ለሁለት ፋብሪካ መድረስ አለበት፤ እንዴት ይከፈላል? ሦስት መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚስማማበት ሁኔታ አለው።

ሀ. በባቡር ቁጥር መክፈል። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጣቢያ ይጭናሉ፣ ድርሻቸው በባቡሮቻቸው ቁጥር ይስተካከላል። ሲታይ ቀላል ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። የቅርቡ ፋብሪካ ዙር 30 ቀን፣ የሩቁ 60 ቀን ቢሆንና ለየመስመሩ አንድ አንድ ባቡር ቢመደብ፣ የቅርቡ ባቡር ሁለት ጊዜ ሲመጣ የሩቁ አንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ብረቱ እኩል አይከፈልም፤ ሁለት ሦስተኛው ወደ ቅርቡ ይሄዳል። እኩል እንዲሆን ለሩቁ ሁለት ባቡር ያስፈልጋል። በመጫኛው ላይ ረጅም ሰልፍ ካለ ደግሞ የጥበቃው ጊዜ ከጉዞው ስለሚበልጥ ድርሻው እንደገና ይለዋወጣል፣ ወደ ባቡሮቹ ቁጥርም ይጠጋል። ይህ መንገድ የሚስማማው ትክክለኛ ድርሻ ለማያስፈልገው፣ ጭነትም ለተረፈው መስመር ነው።

ለ. በትእዛዝ ዝርዝር መክፈል። ድርሻው በቁጥር እንዲታወቅ ከተፈለገ አስተማማኙ ይህ ነው። ሁሉም የብረት ባቡሮች አንድ የጋራ ዝርዝር ይይዛሉ፣ ዝርዝሩም ድርሻውን በራሱ ይሸከማል። ለምሥራቁ ፋብሪካ ሁለት እጅ፣ ለምዕራቡ አንድ እጅ እንዲደርስ የሚከተለው ይጻፋል፦

- ማቅለጫ፣ ሙሉ ጭነት
- ምሥራቅ ፋብሪካ
- ማቅለጫ፣ ሙሉ ጭነት
- ምሥራቅ ፋብሪካ
- ማቅለጫ፣ ሙሉ ጭነት
- ምዕራብ ፋብሪካ

እያንዳንዱ ባቡር ዝርዝሩን ሲጨርስ ሁለት ሙሉ ጭነት ለምሥራቅ፣ አንድ ለምዕራብ አድርሷል። ባቡር ቢቀንስ ወይም ቢጨመር፣ ዙሩ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ጥምርታው ያው ነው። ዝርዝሩን የጋራ ለማድረግ አዲሱ ባቡር ከአሮጌው ሲባዛ «ኮንትሮል» የሚባለው ቁልፍ ተይዞ ይባዛል፤ ከዚያ በኋላ በአንዱ ላይ የተደረገ ለውጥ በሁሉም ላይ ይሠራል። በአንድ ጊዜ የተገዙ ባቡሮች ሁሉ ከመጀመሪያው ትእዛዝ ስለሚነሡ ተከታትለው ወደ አንዱ ፋብሪካ ይጎርፋሉ፤ «ስኪፕ» በሚለው ቁልፍ አንዳንዶቹን ከዝርዝሩ መካከል ማስነሣት ይህን ያስቀራል።

በፋብሪካዎቹ ላይ የማራገፊያው ትእዛዝ ሳይነካ እንዲቀር ይመከራል። ብዙዎች በግድ እንዲያራግፍ ያዛሉ፤ ፋብሪካው በሆነ ምክንያት መቀበል ቢያቆም ብረቱ ያለ ክፍያ ጣቢያው ላይ ይፈስሳል። በመደበኛው ትእዛዝ ግን ባቡሩ ጭነቱን እንደያዘ ዝርዝሩን ይቀጥልና ለሌላው ፋብሪካ ያደርሳል።

ሐ. በሁለት ጣቢያ መክፈል። በማቅለጫው ዙሪያ ለየመስመሩ የተለየ ጣቢያ ይሠራል። ጨዋታው የሚወጣውን ብረት በጣቢያዎቹ ደረጃ መጠን ያካፍለዋል፤ አንዱ 80 ሌላው 60 በመቶ ቢኖረው ድርሻቸው በግምት 4 ለ3 ይሆናል። ይህ መንገድ መስመሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወጡና የአንድ ጣቢያ መቆሚያዎች ሳይበቁ ሲቀሩ ይመረጣል። የአንዱ መስመር ባቡር ቢበላሽ ደረጃው ይወርዳል፣ ሌላውም የእሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ብረቱ አይባክንም። ሁለተኛ ጣቢያ መጨመር ግን ጠቅላላውን ጭነት አያበዛም። የሚሰበሰበው ድምር በተሻለው ጣቢያ ደረጃ የተወሰነ ነው፤ ሁለተኛው የሚሠራው መክፈልን ብቻ ነው።

7. መጋቢ መስመሮችን ከዋናው ጋር ማገናኘት

ተበታትነው ያሉ ትናንሽ እርሻዎችና ማውጫዎች ለእያንዳንዳቸው ባቡር መግዛት አያዋጣም። የጭነት መኪናዎች ወደ አንድ መሸጋገሪያ ጣቢያ ያመጣሉ፣ ከዚያ ረጅም ባቡር ወደ መድረሻው ይወስዳል። ለዚህ የመኪናው ትእዛዝ በመሸጋገሪያው ላይ «ትራንስፈር» ሆኖ ባዶውን እንዲወጣ መደረግ አለበት። ሁለተኛው ክፍል ከተረሳ መኪናው ያወረደውን ጭነት መልሶ ይጭንና ወደመጣበት እርሻ ይዞት ይሄዳል። መሸጋገሪያው ላይ መኪኖች ሞልተው ገብተው ሞልተው ሲወጡ ከታየ መንስኤው ይኸው ነው።

የባቡሩ ትእዛዝ በመሸጋገሪያው ሙሉ ጭነት፣ በመድረሻው መደበኛ ማራገፍ ነው። «ትራንስፈር» በመጨረሻው መድረሻ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም፤ ከተጻፈ ጭነቱ ይወርዳል እንጂ አይሸጥም።

የገቢው አቆጣጠር ብዙዎችን ያደናግራል። መኪናው ጭነት ሲያሸጋግር የሚታየው ገንዘብ ግምት ነው፤ እውነተኛው ክፍያ የሚገባው ጭነቱ መጨረሻ ሲደርስ ብቻ ነው። ክፍያውም የሀዲዱን ርዝመት አይከተልም፤ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ባለው ርቀት ይሰላል። መኪናዎቹ ጭነቱን ከመድረሻው በተቃራኒ አቅጣጫ ወስደውት ከነበረ ባቡሩ በሂሳብ ከሳሪ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለ ባቡር ከመሸጡ በፊት የመኪኖቹና የባቡሩ ትርፍ ተደምሮ መታየት አለበት። መሸጋገሪያው ከእርሻዎቹ ወደ መድረሻው በሚወስደው አቅጣጫ ላይ ቢተከል ችግሩ ከመነሻው አይፈጠርም።

8. ጨዋታው ራሱ እንዲያከፋፍል ማድረግ

ከ1.4.0 ቅጂ ጀምሮ ጨዋታው ጭነት መድረሻ እንዲኖረው የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ «ካርጎ ዲስትሪቢዩሽን» ይባላል፣ የሚገኘውም በጨዋታው ቅንብሮች ውስጥ ነው። ሦስት አማራጮች አሉት። «ማኑዋል» እስካሁን የተገለጸው አሠራር ነው። «ሲሜትሪክ» ከሀ ወደ ለ የሄደውን ያህል ከለ ወደ ሀ እንዲመለስ ይጥራል፤ ለመንገደኛና ለፖስታ ይስማማል። «አሲሜትሪክ» መልስ ሳይጠብቅ ጭነቱን በተገናኙት ተቀባዮች መካከል ያከፋፍላል፤ ለከሰል፣ ለማዕድንና ለብረት ትርጉም ያለው ይህ ነው።

ቅንብሩ ከበራ በኋላ ብረቱ ከጣቢያው ሲወጣ ወደ የትኛው ፋብሪካ እንደሚሄድ ተወስኖለታል፤ ወደዚያ የማይሄድ ባቡር አይጭነውም። የጣቢያው መስኮት የተከማቸውን በመድረሻው ለይቶ ያሳያል። በካርታው ላይ የጭነት ፍሰትን የሚያሳየው ዕይታም የትኛው መስመር እንደተጨናነቀ በቀለም ያመለክታል።

ከዚህ ቅንብር ጋር የማይስማሙ ልማዶች አሉ። የመጀመሪያው ትእዛዝን ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ነው። ጨዋታው የመስመሮችን ግንኙነት የሚማረው ከተሽከርካሪዎች ጉዞ ነው፣ ስርጭቱንም የሚያሰላው በየተወሰነ ጊዜ ነው፤ ተጫዋቹ በየቀኑ ሲለዋውጥ ጭነቱ ለጠፋ መስመር ተመድቦ ጣቢያው ላይ ይቀራል። ሁለተኛው በግድ የማራገፍና የማሸጋገር ትእዛዞችን መጠቀም ነው፤ ጭነቱ የት መለወጥ እንዳለበት ራሱ ስለሚያውቅ እነዚህ ያደናቅፉታል። ሦስተኛው ጭነት ለአንድ መድረሻ ሲከማች ባቡር በሌላ መስመር ላይ መጨመር ነው፤ አዲሱ ባቡር የተከማቸውን አይነካውም። መጨመር ያለበት በተጨናነቀው መስመር ላይ ነው።

አንድ ምንጭ ሁለት መድረሻ ብቻ ካለው በደረጃ 6 ላይ የተገለጸው የትእዛዝ ዝርዝር ከዚህ ቅንብር ይቀላል። መንገደኛና ፖስታ ብዙ ከተሞችን በሚያገናኝ መረብ ሲጓጓዙ ግን በእጅ ማከፋፈል ስለማይቻል «ሲሜትሪክ» ይመረጣል። ቅንብሩ ለመንገደኛ፣ ለፖስታና ለሌሎች ጭነቶች ተለይቶ ስለሚመረጥ ሁለቱን አሠራሮች በአንድ ጨዋታ ማስኬድ ይቻላል።

9. መከታተልና ማረም

የጣቢያ ደረጃ በዝግታ ይለወጣል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሊወጣ ወይም ሊወርድ የሚችለው 9 በመቶ ገደማ ነው። ከ50 ወደ 70 ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ተጫዋች የትኛው እንደጠቀመ ማወቅ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ምልክቶቹ ይነበባሉ።

- ጭነት እየበዛ ደረጃው እየወረደ ከሆነ የማጓጓዝ አቅም አንሷል። አንድ ባቡር ይጨመራል፤ መቆሚያው ካልያዘው ፉርጎ ይጨመራል።
- ባቡሮች በመጫኛው ላይ ተሰልፈው ጭነት ከሌለ ባቡር በዝቷል። አንዱ ተቀንሶ ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል፤ ሰልፉ ዋናውን ሀዲድ ከዘጋ ደግሞ መጠበቂያ ሀዲድ ይሠራል።
- ደረጃው ከፍ ብሎ ሳለ አንዱ ፋብሪካ ጥቂት ብቻ ካመረተ ጭነቱ በሌላው መስመር ሄዷል። የሁለቱ መስመሮች የዙር ቀናት ይነጻጸራሉ፣ ወደ ጋራ የትእዛዝ ዝርዝርም ይዞራል።
- ባቡሮች በየመንገዱ ከቆሙ ብልሽት ነው። በመስመሩ ላይ ዴፖ ተሠርቶ ጥገና በትእዛዝ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ያረጁትም ይተካሉ።

ጭራሽ የማይጎበኝ ፋብሪካ ወይም ማቅለጫም እንዳይረሳ። ለ5 ዓመት ምንም ያላመረተ ማቀነባበሪያ ሊዘጋ ይችላል፤ ከተዘጋ የተሠራለት ጣቢያና ሀዲድ ከንቱ ይቀራል። ወደፊት የሚፈለግ ፋብሪካ ካለ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ጉብኝት መስጠት ይበቃዋል።

ለአብዛኛው ተጫዋች የሚበቃው አሠራር የሚከተለው ነው፦ በየመጫኛው ሁልጊዜ አንድ ባቡር ቆሞ ይጫን፣ የሚጭነውና የሚያራግፈው መቆሚያ ይለይ፣ ድርሻውም በጋራ የትእዛዝ ዝርዝር ይወሰን። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ አውቶማቲክ ስርጭቱን ለመንገደኛና ለፖስታ ብቻ ማብራት ይበቃል፤ ባቡር መጨመር የሚያስፈልገውም የደረጃ 4 ስሌት ሲጠይቅ ብቻ ነው።